«ይለኛል» ሲሉ መስማት

«ልጁን ወርውሪው፣ ወርውሪው ይለኛል።» አንዲት አራስ ሐኪም ፊት ተቀምጣ ይህን ስትናገር ሰሚው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ቃሉን እንዳለ መውሰድ ነው፦ የሚያዛት ድምፅ አለ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ትሰማለች፤ ካርዱ ላይ «ሳይኮሲስ»፣ ማለትም ከእውነታው የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም፣ ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው አማርኛውን ማዳመጥ ነው። ሆድ የባሰው ሰው «አልቅስ አልቅስ ይለኛል» ይላል። የሚያቅለሸልሸው «ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል» ይላል። ኑሮ ያንገሸገሸው «ጥለህ ጥፋ ጥፋ ይለኛል» ይላል። አንዳቸውም ድምፅ አልሰሙም። በቋንቋችን የሰውነት ስሜትም፣ የውስጥ ግፊትም፣ ሳይጠሩት የሚመጣ ሐሳብም የሚነገረው በዚሁ ግስ ነው።

የአራሷ ቃል የኦሲዲ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ኦሲዲ የማይለቅ ሐሳብና እርሱን ለማብረድ የሚደጋገም የግድ ድርጊት የሚታይበት የአእምሮ ሕመም ነው። ይህን ሕመም ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሲቲ ስካንም ሆነ ኤምአርአይ የአንድን ሰው ኦሲዲ አንጥሮ አያወጣም፤ በምርምር የሕሙማን አንጎል በቡድን ሲነጻጸር ልዩነት መታየቱ ለአንድ ታካሚ ማስረጃ አይሆንም። ምርመራው ጥያቄና መልስ ነው። ጥያቄው ሳይጠየቅ ከቀረ ወይም መልሱ በተሳሳተ ጆሮ ከተሰማ፣ ስህተቱን የሚያርም ሌላ መሣሪያ የለም። ብዙዎች ሕመሙ ከጀመራቸው አንሥቶ ትክክለኛ ስሙን እስኪሰሙ ዓመታት ያልፋሉ። የእኔ እምነት፣ ለዚህ መዘግየት ከመድኃኒት እጥረት ይልቅ የጥያቄ እጥረት ተጠያቂ ነው።

ሐኪሞች የሚመሩባቸው ሁለት መዛግብት አሉ፦ የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዲኤስኤም-5 እና የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው አይሲዲ-11። ዲኤስኤም-5 ኦሲዲን ከጭንቀት ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከመሰሎቹ ጋር የራሱን ምዕራፍ ሰጥቶታል። መስፈርቱ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ የማይለቅ ሐሳብ፣ ወይም የግድ ድርጊት፣ ወይም ሁለቱም መኖር አለባቸው፤ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስዱ ወይም ከባድ ሥቃይ የሚያስከትሉ ወይም ሥራን፣ ትምህርትንና ቤተሰብን የሚያውኩ መሆን አለባቸው፤ መነሻቸውም መድኃኒት፣ ሱስ፣ የሰውነት በሽታ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም መሆን የለበትም። የማይለቅ ሐሳብ የምለው ሰውየው ሳይፈልገው ደጋግሞ የሚመጣ፣ የሚያስጨንቅ ሐሳብ፣ ምስል ወይም ግፊት ነው። የግድ ድርጊት ደግሞ ያንን ጭንቀት ለማብረድ ወይም የሚፈራውን ነገር ለማስቀረት ሲል ካላደረገው እረፍት የማያገኝበት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሕሙማኑንም ቤተሰቡንም የሚያስደነግጠው የሐሳቡ ይዘት ነውና። በ1978 እ.ኤ.አ. ራክማን እና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ምንም ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ጠይቀው፣ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ እንዲህ ያለ ያልተፈለገ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው አገኙ። ፎቅ ላይ ቆሞ «ብዘልስ?» ማለት፣ ቢላ ይዞ ሽንኩርት እየከተፉ «ሰው ብወጋስ?» ማለት፣ በጸሎት መካከል የብልግና ምስል መምጣቱ የሰው ልጅ አእምሮ ጠባይ ነው። ጤነኛው «ምን ዓይነት ሐሳብ ነው!» ብሎ ሽንኩርቱን መክተፍ ይቀጥላል። ኦሲዲ ያለበት ግን ሐሳቡ ስለ ራሱ ማንነት የሚናገር መስሎት ቢላውን ያስቀምጣል፣ ይደብቃል፣ ከወጥ ቤት ይወጣል፣ ነገም አይገባም። ስለዚህ መርማሪው «ምን ታስባለህ?» ብሎ ከቆመ ግማሹን እንኳ አልጠየቀም። ቁልፉ ጥያቄ «ሐሳቡ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ነው።

ወደ አራሷ እንመለስ። «ይለኛል» ስትል የሚከተሉት ጥያቄዎች በእርጋታ ይጠየቃሉ። «አሁን የእኔን ድምፅ እንደሚሰሙት በጆሮዎ ነው የሚሰሙት ወይስ በውስጥዎ የሚመጣ ሐሳብ ነው?» «የሰው ድምፅ ነው? የወንድ ነው የሴት?» «የራስዎ ሐሳብ ነው ወይስ ሌላ አካል አእምሮዎ ውስጥ የሚከተው?» «ሲመጣብዎ ምን ይሰማዎታል?» «ከዚያስ ምን ያደርጋሉ?» ኦሲዲ ያለባት እናት አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ከራሷ አእምሮ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ የሚያንቀጠቅጣትም ይኸው ነው። ወደ በረንዳ መውጣት ትታለች። ልጁን ሌላ ሰው እንዲያጥብላት ታደርጋለች። ቢላውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላለች። ሌሊት እየተነሣች ትንፋሹን ታዳምጣለች። እናቷን «እኔ ልጄን የምጎዳ ሰው እመስልሻለሁ?» ብላ በቀን ሃያ ጊዜ ትጠይቃለች። በአንዳንድ ቤት ለጥበቃ ተብሎ አራስ ራስጌ ብረት ይቀመጣል፤ ያ ብረት ስለት ከሆነ እንቅልፍ እንደሚነሣት ለማንም አትናገርም።

ድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ ሌላ መልክ አለው። ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚይዝ፣ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንገት የሚነሣ ነው። እናቲቱ ሳትተኛ ድካም አይሰማትም፤ ትደነጋገራለች፣ ስሜቷ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል፤ ልጁ ተቀይሯል፣ ወይም ተልእኮ ይዞ መጥቷል ብላ ታምናለች። የምታስበው ነገር አያስደነግጣትም፤ ትክክል ይመስላታል። ይህ አስቸኳይ ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት አለባት፤ ልጁም ከእርሷ ጋር ለብቻው አይቀመጥም። ሁለቱ ተመሳስለው ከታዩ በሁለቱም አቅጣጫ ጉዳት አለ። ኦሲዲ ያለባት እናት ሳይኮሲስ ተብላ ልጇ ሲነጠቅ፣ የምትፈራው ነገር ተረጋገጠባት ማለት ነው፤ ሽሽቱም ሕመሙን ይመግበዋል። ለሳይኮሲስ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን ብቻውን ኦሲዲን አያክምም፤ ሌላው የሳይኮሲስ መድኃኒት ክሎዛፒን ደግሞ በአንዳንዶች ላይ የኦሲዲ ምልክት እስከ ማስነሣት ይደርሳል።

ወደ መጀመሪያው ማጣሪያ ስንመጣ፣ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2005 እ.ኤ.አ. ያስቀመጣቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ በማንኛውም ጤና ጣቢያ በሦስት ደቂቃ ያልቃሉ። ብዙ ይታጠባሉ ወይም ያጸዳሉ? ነገሮችን ደጋግመው ያረጋግጣሉ? ሊያስወግዱት የፈለጉት ግን ያልለቀቅዎ ሐሳብ አለ? የዕለት ተግባርዎን ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይወስድብዎታል? ዕቃዎች በሆነ ሥርዓት ካልተቀመጡ ወይም ከተዝረከረኩ በጣም ይረበሻሉ? እነዚህስ ያስጨንቁዎታል? ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ እኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ወጥመድ አለው። ቤት የምታጸዳ ልጅ «ጎበዝ ናት፣ ጽዱ ናት» ተብላ ትመሰገናለች። አንድ ሰሃን ሰባት ጊዜ ስታለቀልቅ ማንም አይቆጥርም፤ እርሷም «ብዙ አላጸዳም» ብላ በቅንነት ትመልሳለች። ስለዚህ «ብዙ» የሚለውን ቃል ትቶ ቁጥር መጠየቅ ይሻላል። አንድ ላርጎ ሳሙና ስንት ቀን ይቆያል? በረኪና በወር ስንት ጠርሙስ ይገባል? ውሃ በማይመጣበት ቀን ምን ይሆናሉ? አንድ ጀሪካን ለእርስዎ ብቻ ስንት ቀን ይበቃል? እጅ ደግሞ ራሱ ይናገራል፤ የጣቶቹ መጋጠሚያ ተሰነጣጥቆ፣ ደርቆና ቀልቶ ከታየ በእርጋታ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ወጥመድ የማይታይ ድርጊት ነው። እጁን የማይታጠብ፣ በር የማያረጋግጥ ሰው «የግድ ድርጊት የለበትም» ተብሎ ይታለፋል። በውስጡ ግን ይቆጥራል፤ መጥፎውን ቃል በደግ ቃል ይሽራል፤ ትናንት መንገድ ላይ የነካው ሰው አልወደቀ እንደሆን ለማረጋገጥ ቀኑን ሙሉ በሐሳቡ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያየዋል። ሰውን መጠየቅም ድርጊት ነው። «በሩን ቆልፌዋለሁ አይደል?» ብሎ ሚስቱን አሥር ጊዜ የሚጠይቅ፣ በቁልፉ ፈንታ በእርሷ አፍ እያረጋገጠ ነው። ቤተሰብ ለብቻው የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ውጭ ልብስ ለብሶ አልጋ ላይ መቀመጥ የተከለከለው ከመቼ ጀምሮ ነው? በር የሚከፍትለት ማነው? ስለ እርሱ ብላችሁ ምን ትታችኋል? ቤተሰቡ ሳያውቀው የሕመሙን ሕግ ሲያስፈጽም እንደኖረ የሚታየው ከነዚህ መልሶች ነው።

ረጅሙንና ስሱን ቦታ የሚይዘው ሃይማኖት ነው። እጅግ ብዙው ታካሚ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ፀበል ከተጠመቀ፣ ቁርኣን ከተቀራበት ወይም ከተጸለየለት በኋላ ነው፤ ይህን በአክብሮት መጠየቅ እንጂ መከራከር የመርማሪው ሥራ አይደለም። ሕመሙ የሚለብሰው ሰውየው የሚወደውን ነገር ስለሆነ፣ ለሃይማኖቱ የሚቀና ሰው በሃይማኖቱ ይፈተናል። ኦርቶዶክሱ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብሎ ሲጨርስ 40 ይሁን 41 ተጠራጥሮ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ሊቆርብ የጾመው ፊቱን ሲታጠብ ጠብታ ውሃ ወደ ጉሮሮው የገባ መስሎት ይመለሳል፤ ለወራት እንዲህ ሲመላለስ ቁርባኑን ይተዋል። ሥዕል ፊት ሲቆም «ስድብ ይመጣብኛል» ይላል። ሙስሊሙ ወስዋስ የሚለው አለ፦ ከሶላት በፊት ውዱእ ሲያደርግ (ሲታጠብ) ክንዱ የረጠበ አይመስለውም፣ ኒያው (የልቡ ውጥን) የተበላሸ መስሎት «አላሁ አክበር» የሚለውን ደጋግሞ ይጀምራል፤ ሰዎች ሶላቱን ጨርሰው ሲወጡ እርሱ መግቢያው ላይ ነው።

ታዲያ ትጋትን ከሕመም በምን እንለያለን? የሃይማኖት ሥርዓት ልክ አለው፤ ማብቂያም አለው። በውዱእ አንድን አካል ከሦስት ጊዜ በላይ ማጠብ እንደማይገባ ትምህርቱ ራሱ ያስተምራል። የንስሐ አባት ቀኖና ከሰጡና ከፈቱ ጉዳዩ ተዘግቷል። ስለዚህ ከሁሉ የሚጠቅም የመሰለኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የንስሐ አባትዎ ወይም ሸኹ ‹በቃ፣ ይህ ኃጢአት አይደለም› ካሉዎት በኋላ ልብዎ ለስንት ጊዜ ያርፋል?» ጥልቅ አማኝ ለዓመታት ያርፋል። ኦሲዲ ያለበት እስከ ማታ፣ አንዳንዴም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ብቻ ያርፋል፤ ከዚያ «በደንብ አልገለጽኩላቸውም ይሆን?» ብሎ ይመለሳል። ሌላው ጥያቄ «አብረውዎት የሚያስቀድሱት፣ አብረውዎት የሚሰግዱት ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ?» የሚለው ነው። አብዛኛው ታካሚ «የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ በኀዘን ይመልሳል። ስለ ስድቡ ሲጠየቅ ግን ቃሉን ድገመው ማለት ጭካኔ ነው፤ «ስለ ቅዱስ ነገር የሚመጣ አስቀያሚ ሐሳብ አለ?» ብሎ «አዎ» ማግኘት ለምርመራው ይበቃል። የሐሳቡ ምንጭ መንፈስ ነው ወይስ አእምሮ የሚለውን ክርክር ሳይፈቱም ኦሲዲን መለየት ይቻላል።

ሰዓቱ እንዴት ይቆጠራል? «በቀን ስንት ሰዓት ይወስድብዎታል?» ሲባል አብዛኛው ሰው «እንጃ» ይላል። ትናንትን ከአልጋ ከተነሣበት እስከ ተኛበት በቅደም ተከተል ማስተረክ ይሻላል፦ ፊት መታጠቢያው ጋ ስንት ደቂቃ፣ ልብስ ለመልበስ ስንት፣ ከቤት ወጥቶ ስንት ጊዜ ተመለሰ፣ ታክሲ ውስጥ ምን ሲያስብ ነበር። ሽሽትም መቆጠር አለበት። በር ላለመንካት ከቤት መውጣት ያቆመ ሰው ድርጊቱ 15 ደቂቃ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሕይወቱ ግን ቆሟል።

የሚመሳሰሉትን በፍጥነት ልለፋቸው። ተራው የጭንቀት ሕመም በኑሮ ጉዳይ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በቤት ኪራይ፣ በልጆች ትምህርት፣ በጤና፤ ሐሳቡም ለሰውየው ባዕድ አይደለም። ድብርት ያለበት ሰው ያለፈውን ያመነዥካል እንጂ ሐሳቡን ለማብረድ የሚፈጽመው ሥርዓት የለውም፤ ድብርትና ኦሲዲ ግን ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ሁሉ ነገር በሥርዓት እንዲሆን የሚፈልግና በዚያም የሚኮራ ሰው ጠባዩ ነው፤ ኦሲዲ ያለበት አይኮራም። ራስን ስለ ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ግድ ነው፤ «ራሴን አጠፋ ይሆን ብዬ እፈራለሁ» እና «መሞት እፈልጋለሁ» የተለያዩ ቢሆኑም በአንድ ሰው ሊኖሩ ስለሚችሉ ለየብቻ ይጠየቃሉ።

ዕድሜም ይመሰክራል። ኦሲዲ በአብዛኛው በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል፤ ወንዶች ላይ ቀድሞ ይታያል። ከዚህ በፊት ምንም ሳይኖረው ከ40 ዓመት በኋላ በድንገት የጀመረው ሰው የነርቭ ምርመራ ያስፈልገዋል። በተቃራኒው፣ ጤነኛ የነበረ ሕፃን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በከባድ የማይለቅ ሐሳብ ከተያዘ፣ በቅርቡ የጉሮሮ ሕመም እንደነበረው መጠየቅ ይገባል። ዓይን መርገብገብ፣ አንገት መወርወር፣ ጉሮሮ መጥረግ የመሰሉ ቲኮች በራሱም ሆነ በቤተሰቡ መኖራቸው ይመዘገባል፤ ዲኤስኤም-5 ለዚህ ልዩ መለያ አለው። ጫት የሚቅም ከሆነ፣ ጫት አነቃቂ ነውና፣ ምልክቱ ከጫቱ በፊት ነበር ወይ፣ በማይቅምባቸው ሳምንታትስ ይቆያል ወይ ይባላል።

ሌላው የሚመዘገበው ሰውየው ሐሳቡን ምን ያህል እንደሚያምነው ነው። «ምድጃውን ሠላሳ ጊዜ ካላየሁ ቤቱ ይቃጠላል» ለሚል ሰው «በእውነት ይቃጠላል?» ይባላል። አንዱ «አይቃጠልም፣ ግን አልችልም» ይላል፤ ሌላው «ሳይቃጠል አይቀርም» ይላል፤ ጥቂቶች «እርግጠኛ ነኝ ይቃጠላል» ይላሉ። ሦስቱም ኦሲዲ ናቸው። ሦስተኛው ስለ እርግጠኛነቱ ብቻ ወደ ሳይኮሲስ እንዳይገፋ፣ የድርጊቱንና የሐሳቡን ትስስር ማየት ያስፈልጋል።

መኖሩ ከታወቀ በኋላ ክብደቱ ይለካል። በሰፊው የሚሠራበት በ1989 እ.ኤ.አ. ጉድማንና ባልደረቦቹ ያወጡት የዬል-ብራውን መለኪያ ነው። አሥር ጥያቄዎች አሉት፤ አምስቱ ስለ ሐሳቡ፣ አምስቱ ስለ ድርጊቱ፦ ጊዜ፣ እንቅፋትነት፣ ሥቃይ፣ ለመቋቋም የሚደረግ ጥረት፣ የመቆጣጠር አቅም። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሞላል፤ ድምሩ እስከ 40 ይደርሳል። ከ8 እስከ 15 ቀላል፣ ከ16 እስከ 23 መካከለኛ፣ ከ24 እስከ 31 ከባድ፣ ከዚያ በላይ እጅግ ከባድ ነው። የሚጠይቀው ስላለፈው አንድ ሳምንት ነው። ይህ ሚዛን ነው፤ ሕመሙ መኖሩን የሚወስነው እርሱ አይደለም፤ ቅጹን ብቻ ሰጥቶ ድምሩን ማየት ስህተት ነው። በብዛት የሚበላሸው የ«ጥረት» ጥያቄ ነው፦ ብዙ የሚታገል ሰው 0 ያገኛል፤ ጨርሶ እጅ የሰጠ 4። ልምድ የሌለው ቅጽ ሞይ ነጥቡን ይገለብጠዋል። የውስጥ ድርጊት ያልተጠየቀለት ሰውም በድርጊቱ አምስት ጥያቄዎች ባዶ ይወጣና ክብደቱ በግማሽ ይወርዳል። ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ውጤቱ ከመነሻው 35 በመቶ ሲቀንስ መድኃኒቱ ወይም የሥነ ልቦና ሕክምናው ሠራ ይባላል፤ ለዚህ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር በትክክል መያዝ አለበት።

በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ ያላችሁ በአስተርጓሚ የምትታከሙ ከሆነ የ«ይለኛል» ነገር በእጥፍ ይከብዳል። ቃሉ በቀጥታ ሲተረጎም «አንድ ነገር ያዝዘኛል» ሆኖ ይወጣል፤ አማርኛ የማያውቀው ሐኪም ታካሚው የሚያዝዝ ድምፅ እንደሚሰማ አድርጎ ይረዳዋል፤ ቀጣዩ ጥያቄውም ስለ ልጁ ደኅንነት ይሆናል። ከመግባታችሁ በፊት ለአስተርጓሚው «በጆሮዬ አልሰማም፣ የራሴ ሐሳብ ነው፣ አልፈልገውም፣ ያስፈራኛል» የሚሉትን አራት ነገሮች ንገሩት፤ አራቱንም ሳያስቀር እንዲተረጉምላችሁም ጠይቁ። አስተርጓሚው ዘመድ ወይም የሰፈር ሰው ከሆነ፣ ስለ ወሲብ ወይም ስለ እምነት የሚመጣውን ሐሳብ በእርሱ ፊት መናገር ስለሚከብድ ሌላ ሰው ወይም የስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ምርመራው በአንድ ቀን አያልቅም። በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ እጅ መታጠቡና በር ማረጋገጡ ነው፤ ለመናገር የማያሳፍረው። ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ገዛ እኅቱ የሚመጣው ሐሳብ ቀጠሮ ቆርጦ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ቀጠሮ የምልክቶቹ ዝርዝር እንደገና ከላይ እስከ ታች ይነበባል፤ ከንባቡም በፊት «ብዙ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ለመናገር የሚከብዳቸው ሐሳብ ይኖራል፤ እኔን የሚያስደነግጠኝ አይደለም» ይባላል። ከዚያ ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ዝም ይላል።